የነርስና የሕክምና ተማሪዎችን በአንድ የክህሎት ክፍል ማሠልጠን፦ ለአሠልጣኞች የተዘጋጀ መመሪያ

ነርስና ሐኪም ከተመረቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ይሠራሉ፤ እስኪመረቁ ድረስ ግን በአብዛኛው በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ መምህር፣ አንዳንዴም ለአንድ ዓይነት ተግባር በተዘጋጁ ሁለት የተለያዩ ማመሳከሪያ ቅጾች ይማራሉ። ልቡ የቆመን ሰው ለማነቃቃት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚቆሙት በእውነተኛ ታካሚ ላይ ነው፤ የማን እጅ የት መሆን እንዳለበት የሚማሩትም ያን ጊዜ፣ በታካሚው ኪሳራ ነው። ይህ መመሪያ ያንን የመጀመሪያ ጊዜ ከታካሚው አልጋ አንሥተው በተለምዶ ስኪል ላብ ወደምንለው የክህሎት ማሠልጠኛ ክፍል ለማምጣት ለሚፈልጉ የነርሲንግና የሕክምና መምህራን የተጻፈ ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ያሠለጠነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንደ አንድ ቡድን ወርደው እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ተነሥቷል፤ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አብረው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡበት የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብርም በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ያ መንፈስ ወደ ገጠር ሲወጣ ኖሮ ወደ ሆስፒታሉ ሲገባ በሩ ላይ መቅረቱ ነው።

አስቀድሞ መስማማት የሚገባው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ማዕቀፍ የጋራ ትምህርት የሚባለው የሁለት ወይም የበለጡ ሙያዎች ተማሪዎች አንዱ ስለ ሌላው፣ አንዱ ከሌላው እና አንዱ ከሌላው ጋር ሲማሩ እንደሆነ ይገልጻል። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ሠላሳ ነርሶችና ሠላሳ የሕክምና ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ገለጻ ቢሰሙ አዳራሽ ተጋሩ እንጂ አብረው አልተማሩም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ኃላፊዎች ቁጭ ብለው በጽሑፍ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ከሁሉ በላይ ሊስማሙበት የሚገባው ልምምዱ ለሁለቱም ወገን እኩል የሚቆጠር መሆኑን ነው። ለነርሶቹ ግዴታ፣ ለሕክምና ተማሪዎቹ ደግሞ በፈቃድ ከሆነ፣ ፈተና በተቃረበ ሳምንት የሚመጡት ነርሶቹ ብቻ ይሆናሉ፤ የቀሩት ተማሪዎችም የቀሩት በስንፍና ሳይሆን ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ እንዳለ ስለነገራቸው ነው። የክፍል ድልድሉን፣ የመገኘት ቁጥጥሩንና ውጤቱን ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ዓይነት መንገድ ይመዝግቡ። የሁለቱን የዓመት መርሐ ግብር ጎን ለጎን ዘርግቶ የጋራ ግማሽ ቀን መፈለግ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ከተገኘ ለመጀመር ይበቃል።

ሁለተኛው የስምምነት ነጥብ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ነው። ለመሠረታዊ ተግባራት፣ ማለትም ለእጅ ንጽሕና፣ ለሕይወት ምልክቶች ልኬት፣ ለመርፌ አሰጣጥና ለልብና ሳንባ ማነቃቃት፣ ወደ ዋርድ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) ገና ያልገቡ የሕክምና ተማሪዎችን ከሁለተኛ ዓመት ነርሶች ጋር ማጣመር ይቻላል። ለድንገተኛ ሁኔታ ልምምድ ግን የመጨረሻ ዓመት ነርሶችን ወደ ኢንተርንነት (የሕክምና ትምህርት የመጨረሻው የሆስፒታል ልምምድ) ሊገቡ ከተቃረቡት የሕክምና ተማሪዎች ጋር ማጣመር ይሻላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሌሊት ተረኝነት ላይ የሚገናኙት እነዚሁ ናቸውና። የመጨረሻ ዓመት ነርስ ብዙ ጊዜ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) በማስገባትና መድኃኒት በማዘጋጀት ከሕክምና ተማሪው የበለጠ የእጅ ልምድ አላት። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ በግልጽ ተናግሮ ከእሷ እንዲማር ማድረግ የሥልጠናው አንዱ ዓላማ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ አሠልጣኞቹ ሁለት መሆናቸው ነው፤ አንድ ነርስ፣ አንድ ሐኪም። ሐኪሙ መግቢያውን፣ ገለጻውንና ማጠቃለያውን ይዞ ነርሷ ዕቃ ስታቀብል ከዋለች ተማሪዎቹ የሚማሩት ያንን ነው። ቀኑን ነርሷ እንድትከፍተው፣ የመጀመሪያውን ማሳያም እሷ እንድታሳይ አስቀድመው ይስማሙ።

ክህሎት መምረጥ

ሁሉም ክህሎት በጋራ ሊሠለጠን አይገባም። የነርስ የእንክብካቤ ዕቅድ አዘገጃጀት ወይም ዝርዝር የነርቭ ምርመራ በየሙያው ቢቀር ጉዳት የለውም። ለጋራ ሥልጠና የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻውን ሊፈጽመው የማይችል ወይም በሁለት ሰዎች መካከል ሲተላለፍ ስሕተት የሚፈጠርበት ተግባር ነው። የአዋቂና የጨቅላ ሕፃን ማነቃቃት፣ ለታካሚ ደም መስጠት ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው የሁለት ሰው ማረጋገጫ፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ፣ አደገኛ መድኃኒቶችን አዘጋጅቶ መስጠት፣ የተረኛ ርክክብ፣ በስልክ ሐኪም መጥራት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። አንድ የትምህርት መንፈቅ ከእነዚህ አራቱን በጥልቀት ቢይዝ አሥራ ሁለቱን በጥድፊያ ከመንካት እጅግ ይሻላል።

ክፍሉና ዕቃው

ውድ ማኔኪን (የሰው አካል አምሳያ) ከሌለ ሥልጠናው አይጀመርም የሚል አስተሳሰብ ብዙ ዓመታት አባክኖብናል። መብራት ሲጠፋ የሚቆም ኮምፒዩተር ያለበት ማኔኪን በካርቶኑ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ፤ ለብ ባለ ውሃ የሚሞላው ኒዮናታሊ የተባለው የጨቅላ አሻንጉሊት ግን ያለ መብራት፣ ያለ ጥገና፣ ለብዙ ተማሪ ያገለግላል። ለካኑላ ልምምድ ያገለገለ ሳይሆን አዲስ የግሉኮስ ቱቦ በስፖንጅ ላይ አጋድሞ በጓንት ላስቲክ መሸፈን ይበቃል፤ ቱቦው ውስጥ ቀይ ውሃ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ መቋጠር ደም መመለሱን ለማየት ይረዳል። ለስፌት የፍራሽ ስፖንጅ ላይ የተለጠፈ ሰው ሠራሽ ቆዳ ይሆናል። ለደም መፍሰስ ልምምድ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ከርከዴ ጥቂት ዱቄት ተበጥብጦበት ይበቃል፤ ከዚህ 500 ሚሊ ሊትር ለክቶ በአንሶላና በጋዝ ላይ አፍስሶ ማሳየት ደግሞ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የፈሰሰ ደም በዓይን ሲገመት ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው ያነሰ ይመስላልና፣ 500 ሚሊ ሊትር ደግሞ በምጥ ከወለደች እናት ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስ የምንለው የሚጀምርበት ልክ ነው።

እያንዳንዱ ተማሪ ስሙና ሙያው በአማርኛ በጉልህ የተጻፈበት ወረቀት ደረቱ ላይ ይለጥፍ። ታካሚዎቻችን ነጭ ጋዋን የለበሰን ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ሴቷን ሁሉ ሲስተር ማለት ይቀናቸዋል፤ ወንዱ ነርስ፣ ሴቷ ሐኪም ብትሆንም እንኳ። ተማሪዎቹ በዚህ ልማድ ተሸፍነው የጎረቤታቸውን ስም ሳያውቁ ሴሚስተር ይጨርሳሉ፤ በድንገተኛ ጊዜ ደግሞ ስም ትልቅ መሣሪያ ነው።

በአንድ ማኔኪን ዙሪያ ከስምንት ሰው በላይ አይቁም፤ አራት ነርስና አራት የሕክምና ተማሪ። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ ያነሰው ወገን ዝም ይላል።

የእጅ ሥራውን ማስተማር

ለእያንዳንዱ ተግባር ሁለቱም ሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ማመሳከሪያ ቅጽ ይዘጋጅ። ሁለቱን ነባር ቅጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ራሱ ብዙ ያሳያል። የነርሶቹ ቅጽ ብዙ ጊዜ ለታካሚው በማስረዳት ጀምሮ ስለታማ ዕቃ በማስወገድና በመመዝገብ ያበቃል፤ የሕክምና ተማሪዎቹ ደግሞ ካኑላው ሲገባ ሊያበቃ ይችላል። መርፌውን ትሪ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሐኪምና እሱን ስታነሣ የምትወጋ ነርስ የሚፈጠሩት እዚህ ላይ ነው። በጋራ ክፍሉ የማይሻር አንድ ደንብ ይኑር፦ መርፌውን የተጠቀመ ራሱ ሴፍቲ ቦክስ (የስለታማ ዕቃ ማስወገጃ ሣጥን) ውስጥ ይጨምራል፤ ክዳኑን መልሶ አይገጥምም፤ ሴፍቲ ቦክሱም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። በእውነተኛ መርፌ የሚለማመዱ ሁሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰዳቸው አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ የተወጋ ሰው ወዴት እንደሚሄድም በግድግዳው ላይ ይለጠፍ።

አሠልጣኟ ተግባሩን መጀመሪያ ያለ ንግግር በተለመደው ፍጥነት ታሳያለች፤ ሁለተኛ እያንዳንዱን እርምጃ እያስረዳች በዝግታ ትደግመዋለች፤ ሦስተኛ ተማሪው ቃል በቃል እየነገራት እሷ ትሠራለች፤ በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። በጋራ ሥልጠና ሦስተኛውንና አራተኛውን ደረጃ ለጥንዶቹ ይስጧቸው። ነርሷ ትናገር፣ የሕክምና ተማሪው ይሥራ፤ ከዚያ ይለዋወጡ። በካኑላ ልምምድ ላይ ‹‹አሁን ደሙ ተመልሷል፤ ማዘንበያውን ዝቅ አድርግ፤ መርፌውን ሳይሆን ካኑላውን ግፋ›› ብላ የምታዝዘው ነርስ የራሷን ዕውቀት በድምፅ ትሰማዋለች፤ እሱም በጆሮው መመራትን ይለምዳል። ይህ ትንሽ የሚመስል ልምምድ ለቀጣዩ ክፍል መንገድ ይጠርጋል።

ለልብና ሳንባ ማነቃቃት ቁጥሮቹ ለሁለቱም ወገን በአንድ ድምፅ የታወቁ ይሁኑ። ለአዋቂ ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይደረጋል፤ 30 ግፊት በ2 ትንፋሽ፤ ገፊው በየ2 ደቂቃው ይቀየራል። የሚገፋ ሰው መድከሙን ለራሱ ስለማያምን ቅያሬውን የሚጠራው ሰዓት ያዡ ነው፤ ሰዓት ያዡ ማንም ይሁን ማን ሲጠራ መታዘዝ ግድ ነው። አልተነፍስ ላለ ጨቅላ ደግሞ አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠው ከረጢት) በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ ፊቱ ላይ መሆን አለበት፤ በደቂቃ 40 ያህል ትንፋሽ ይሰጣል።

አንድ ሁኔታ በቅርብ፦ ድንገተኛ ክፍል የገባች እናት

የጋራ ልምምዱ ልብ ያለው አጠር ያለ ታሪክ ተዘጋጅቶ ሁለቱ ሙያዎች አብረው በሚሠሩበት ሁኔታ ላይ ነው። እኔ ደጋግሜ የምጠቀምበትን በዝርዝር ላስቀምጥ፤ ዝግጅቱ በሌሎችም ላይ ይሠራልና።

የ34 ሳምንት እርጉዝ የሆነች እናት እየተንቀጠቀጠች በባሏና በእናቷ ታቅፋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ትገባለች፤ ያለባት ኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ጊዜ ከሚከሰት የደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ነርሶች አሉ፤ የሕክምና ተማሪዎቹ ከበሩ ውጭ ናቸው፤ የሚገቡት ሲጠሩ ብቻ ነው። ይህን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ታካሚውን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ነርስ በመሆኑ ታሪኩ ሐኪም ቆሞ እየጠበቀ ሊጀምር አይገባም። አስታማሚ ሆኖ የሚጫወት ሰውም አይቅር፤ በእኛ ሆስፒታል አስታማሚ የሌለበት አልጋ የለም፤ ‹‹ልጄ ትተርፋለች ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ ማን እንደሚመልሰው አስቀድሞ ያልተነጋገረ ቡድን ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣል።

ነርሶቹ በግራ ጎኗ ያስተኟታል፣ የአየር መተላለፊያዋን ያያሉ፣ ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ የደም ግፊቷን ይለካሉ፣ ሐኪም ይጠራሉ። ከዚያ መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት ይመጣል፤ ጋራ መሥራት የሚፈተነውም በዚህ መድኃኒት ነው። በብዙ ቦታ የሚገኘው 50 በመቶ በመሆኑ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ግማሽ ግራም አለ። ለመነሻ በደም ሥር የሚሰጠው 4 ግራም እንግዲህ 8 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ በ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ተበርዞ 20 ሚሊ ሊትር፣ 20 በመቶ ይሆናል፤ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜም በዝግታ ይሰጣል። ወዲያው 10 ግራም በጡንቻ ይከተላል፤ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር፣ ሳይበረዝ። ይህን ሒሳብ የሚያዝዘውም የምታዘጋጀውም ለየብቻ አስልተው መልሳቸውን ያስተያዩ። ድጋሚ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ 16 ወይም ከዚያ በላይ፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ ያለ፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን የምታረጋግጠው ነርሷ ናት፤ ካልሆነ ‹‹አልሰጥም›› የማለት ሥልጣን እንዳላት ለሁለቱም አስቀድሞ ይነገር። የማግኒዚየም ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ትሪው ላይ ካልተቀመጠ ልምምዱ አይጀመር። ተቋሙ የራሱ ፕሮቶኮል ካለው ቁጥሮቹ በእሱ ይተኩ።

ታሪኩ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎቹ ማኔኪኑ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል፣ ዕቃው የት እንዳለ፣ እዚህ የተፈጠረ ስሕተት ከክፍሉ እንደማይወጣና በውጤታቸው ላይ እንደማይቆጠር ይነገራቸው፤ የተባለውም ይከበር።

ትእዛዝ፣ ስም፣ ድምፅ

በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄድነው ዕለት የሕክምና ተማሪው ‹‹ማግኒዚየም ይሰጣት›› አለ። ሦስት ነርስ ተማሪዎች አልጋው ዙሪያ ነበሩ፤ አንዷ የደም ግፊት ትለካለች፣ አንዷ ኦክስጅን ይዛለች፣ ሌላው ቻርት ይጽፋል። ሦስቱም ሰምተዋል፤ ሦስቱም ለሌላው የተነገረ መሰላቸው። የግድግዳው ሰዓት አራት ደቂቃ ቆጠረ። ተማሪው ትዕግሥቱ አልቆ አምፑሉን ራሱ ሰብሮ ቀድቶ መግፋት ሲጀምር ኦክስጅን የያዘችው ልጅ ‹‹አልተበረዘም›› አለች። የሰማኋት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከጀርባዋ ስለቆምኩ።

በኋላ ለምን ጮክ ብላ እንዳልተናገረች ስንጠይቃት ‹‹ዶክተር ስለሆነ ያውቃል ብዬ ነው›› አለች። ዶክተር የተባለው ልጅ ገና አልተመረቀም፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡት በተቀራራቢ ዓመት ነው። ያን ቀን ለሁለቱም ያላስተማርናቸው መድኃኒቱን አልነበረም፤ ሁለቱም በወረቀት ፈተና መጠኑን በትክክል ይጽፉታል። ያላስተማርናቸው መነጋገርን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሥልጠናችን ሰፊው ጊዜ ለዚህ ይውላል።

አማርኛ ትእዛዝን ለማንም ሳያነጣጥር መናገር ይፈቅዳል። ‹‹ፈሳሽ ይከፈት››፣ ‹‹ደም ይወሰድ››፣ ‹‹ኦክስጅን ይደረግላት›› እንላለን፤ አነጋገሩ ጨዋ ነው፣ አንተና እርስዎ ከመምረጥም ያድናል፤ ግን ተቀባይ የለውም። ስለዚህ በልምምዱ ውስጥ ትእዛዝ ሁሉ በስም እንዲጀምር ያስገድዱ። ‹‹ሲስተር ሕይወት፣ ማግኒዚየም 4 ግራም በደም ሥር፣ 20 ሚሊ ሊትር አድርገሽ፣ በ5 ደቂቃ›› ይላል፤ እሷም ‹‹ማግኒዚየም 4 ግራም፣ 8 ሚሊ ሊትር በ12 ውሃ፣ በ5 ደቂቃ በደም ሥር›› ብላ ትመልሳለች፤ እሱ ‹‹ልክ ነው›› ይላል፤ ሰጥታ ስትጨርስ ‹‹4 ግራም ተሰጥቷል፣ 8 ሰዓት ከ20›› ትላለች። አራቱም ካልተሟሉ መድኃኒቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠር። ቁጥሮቻችንን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለምንጠራ ፊፍቲንና ፊፍቲ ጫጫታ ባለበት ክፍል አንድ ይሆናሉ፤ ተማሪዎቹ ቁጥሩን በአማርኛ፣ አሥራ አምስትና አምሳ ብለው እንዲደግሙት ያድርጉ። የሰዓት አቆጣጠሩም በቻርቱ ላይ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ በእኛ ሰዓት 8 የተባለው በፈረንጅ 2 መሆኑን ለተረኛው የሚያስታውሰው የለም።

ማስቆም ግን የትእዛዝ ተቃራኒ ነው። አንዲት ነርስ ተማሪ ሐኪምን፣ ያውም በዕድሜ የሚበልጣትን፣ ‹‹ቁም›› ለማለት ይሉኝታ ይይዛታል፤ ‹‹ይቁሙ›› ልትል ስታስብ መድኃኒቱ ያልቃል። እዚህ ላይ ያው ተቀባይ የሌለው አነጋገር ይጠቅማል። ‹‹ይቁም!›› የሚለው ቃል አንተንም እርስዎንም አይነካም፤ ማንንም አያዋርድም፤ የሚቆመው ሥራው ነው። በክፍላችን ይህ ቃል ከማንም አፍ ሲወጣ የሁሉም እጅ ይቆማል፤ ያስቆመችው ሰው ተሳስታ ቢሆን እንኳ ‹‹አመሰግናለሁ›› ይባላል፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ለስለስ ያለ እርምጃም አለ፦ ‹‹ዶክተር፣ ስጋት አለኝ፤ መጠኑን አብረን እንየው››። ሁለቱንም ሐረግ ተማሪዎቹ በተራ፣ ጮክ ብለው፣ እፍረቱ እስኪለቃቸው ይለማመዱ። ለሕክምና ተማሪዎቹም የራሳቸው ልምምድ አላቸው፤ በታሪኩ መካከል ሆን ተብሎ የተሳሳተ መጠን እንዲያዝዙ በምስጢር ይነገራቸውና ሲታረሙ ፊታቸው ሳይቀየር መቀበልን ይማሩ። ከሁለቱ የሚከብደው ይኸኛው እንደሆነ አይቻለሁ።

ለስልክ ጥሪ አራት ነጥብ ያለው የአነጋገር ቅደም ተከተል ይበቃል፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪክ፣ የእኔ ግምት፣ የምፈልገው። ‹‹ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሕይወት ነኝ። አልጋ 6 ያሉት አባት የደም ግፊታቸው 80 በ50 ሆኗል። ትናንት አንጀታቸው ተቀዶ ተሰፍቷል፤ ጠዋት 120 በ70 ነበሩ። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተህ እንድታያቸው እፈልጋለሁ፤ እስክትመጣ ሁለተኛ ካኑላ ላስገባ?›› የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለነርሶቻችን ከባድ ናቸው፤ ግምትን መናገር የሐኪም ድርሻ ነው ተብለው ስላደጉ። በልምምዱ ግምቷን ሳትናገር የዘጋችው ስልክ ተመልሶ ይደወል።

ከታሪኩ በኋላ የሚደረግ ውይይት

ውይይቱ ከልምምዱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ 25 ደቂቃ ካልተረፈ ታሪኩን ማሳጠር ይሻላል። ሁሉም ከአልጋው ርቀው ክብ ሠርተው ይቀመጡ፤ ነርስና ሐኪም ተሰባጥረው። መጀመሪያ ስሜታቸውን ያውጡ፤ ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል ይንገሩ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ ይፈልጉ። የመጀመሪያው ጥያቄ በታሪኩ ውስጥ ትንሹን ለተናገረው ሰው ይሁን። ‹‹ለምን አልበረዝክም?›› የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ወቀሳ ነው፤ ‹‹አምፑሉን ስትሰብር ምን እያሰብክ ነበር?›› ማለት መልስ ያመጣል። አሠልጣኞቹ ካዩት አንድ ነገር ብቻ መርጠው ይናገሩ፤ አሥሩን ስሕተት መዘርዘር ለአሠልጣኙ ደስ ይላል፣ ተማሪው ግን ከበሩ ሳይወጣ ይረሳዋል። ከውይይቱ በኋላ ጊዜ ካለ ያው ታሪክ ይደገም፤ በሁለተኛው ዙር የሚታየው ለውጥ ከማንኛውም ምክር ይልቅ ያሳምናቸዋል።

ምዘናውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ተማሪዎች ኦስኪ የሚሉት በጣቢያ የተከፋፈለ ፈተና ለዚህም ይሆናል፤ ቢያንስ በአንዱ ጣቢያ ሁለቱ ሙያዎች አብረው ይግቡ፤ የግል ውጤትና የጥንድ ውጤት ለየብቻ ይያዝ፤ ሁለቱም ፈታኞች ሁለቱንም ተማሪዎች ይመዝኑ።

ወደ ዋርዱ

ስኪል ላብ ብቻውን አይበቃም፤ ዋርዱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ተማሪው በሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ልማድ ይመለሳል። የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ታካሚዎችን በጋራ የሚንከባከቡበትን ዋርድ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እኛ ሙሉ ዋርድ ባይኖረን ሁለት አልጋ አይጠፋም። በክፍሉ አብረው የተለማመዱ ጥንዶች ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አንድ ታካሚ ይሰጣቸው። የሕይወት ምልክቶቹን አብረው ይለኩ፣ የሕክምና ትእዛዙን አብረው ያንብቡ፣ መድኃኒቱን አብረው ያረጋግጡ፤ ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋው እየዞሩ በሚያዩበት ራውንድ ላይ ደግሞ የሕክምና ተማሪው ታሪኩንና ምርመራውን ካቀረበ በኋላ ነርሷ የሌሊቱን ሁኔታ፣ የሽንቱን መጠን፣ ሕመሙንና አስታማሚው ያነሣውን ጥያቄ ታቅርብ። ይህ እንዲሆን ራውንዱን የሚመሩት ሐኪም አስቀድመው ሊነገራቸውና ሊስማሙ ይገባል፤ ያልተነገራቸው ሐኪም የነርሷን ንግግር በመካከል ቆርጠው ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ፤ እሷም ሁለተኛ አትናገርም።

በየቀኑ መጨረሻ ጥንዶቹ የድንገተኛ ትሮሊውን አብረው ይቁጠሩ፤ አምቡ ባጉ ከነጭምብሉ፣ የኦክስጅኑ መጠን፣ አድሬናሊኑ፣ ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየም ግሉኮኔቱ፣ የሚያልፍበት ቀን። የጎደለውን በመዝገቡ ይጻፉ፣ ሁለቱም ከነሙያቸው ይፈርሙ፣ መዝገቡንም ለሚቀጥለው ተረኛ በእጅ ያስረክቡ።